ቶሎ እንግዛ ወይስ እንቆይ?

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አበው። ይህን ሲሉ ስለ እህል ይሁን ስለ ሌላ ነገር አናውቅም፤ ስለ ፕሌይስቴሽን እንዳልነበረ ግን እርግጠኞች ነን። ሆኖም ተረቱ ለጌም ማሽን ገዢዎች ሃያ ዓመት ያህል ጥሩ አድርጎ ሠርቷል። አሁን አሁን ግን እያረጀ ይመስለናል። ዛሬ የምናወራው ስለዚሁ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ራሳችንን እናስተዋውቅ። «እኛ» ስንል ሦስት ነን። ታላቅ እህታችን የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ሳንቲም ስትወድቅ ከእንቅልፏ ትነቃለች። ታናሽ ወንድማችን 12ኛ ክፍልን ጨርሶ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይጠብቃል። መካከለኛዋ ጋዜጠኝነት ተምራ ስለተመረቀች ማንም ምንም ሲናገር «ምንጭህ ማነው?» ትላለች። (በቤቱ ውስጥ ብዙ ደጋፊ እንደሌላት ሳትገምቱ አትቀሩም።) ሦስታችን አብረን የገባንበት ዕቁብ ወጣልን። አሜሪካ ያለው አጎታችንም ለእንቁጣጣሽ ሊመጣ ነው፤ «ምን ላምጣላችሁ?» ብሏል። እሱ በዶላር ይገዛል፣ እኛ በብር እንመልስለታለን። ታናሻችን «የመጨረሻውን፣ አዲሱን!» አለ። ታላቃችን «ቆይ፣ ይረክሳል» አለች። አንድ ለአንድ! መካከለኛዋም ወደ ቁፋሮ ገባች። ውጤቱን ግን ሦስታችንም አምነንበታል። (ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እንነግራችኋለን።)

የታላቃችን ወገን ጠንካራ ማስረጃ አለው። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 አሜሪካ ሲገባ 299 ዶላር ነበር፤ በ2002 199፣ በ2009 ደግሞ 99 ዶላር ደረሰ። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ሲወጣ ትልቁ 599 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ሦስት ዓመት የታገሠ ሰው በ2009 ቀጠን ያለውን አዲስ ሞዴል በ299 ገዛው። ግማሽ ዋጋ ማለት ነው! የኔንቲንዶ 3ዲኤስ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በመጋቢት 2011 በ250 ዶላር ወጣ፤ አምስት ወር ሳይሞላው 170 ዶላር ገባ። ቀድመው የገዙት ሰዎች ሲናደዱ ኩባንያው 20 የቆዩ ጌሞችን በነጻ ሰጥቶ አባበላቸው።

ዋጋው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ቸኩሎ መግዛት ጤናም ያሳጣል። ኤክስቦክስ 360 ከ2005 ጀምሮ ሲሸጥ ብዙዎቹ ማሽኖች እየጋሉ ይበላሹ ነበር። ፊታቸው ላይ ሦስት ቀይ መብራት በራ ማለት በቃ፣ ማሽኑ አረፈ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት በ2007 ለዚህ ችግር ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዘመ፤ ለጥገናውም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። አሜሪካ ያለ ሰው ማሽኑን በፖስታ ልኮ ያስጠግናል። እኛስ? ሻንጣ ውስጥ ገብቶ የመጣ ዕቃ ዋስትናው ቦሌ ኤርፖርት ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለን የሰፈራችን ጠጋኝ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አዲሱን ማሽን እንደ እኛው ገና ሊያየው ነው!

እስከዚህ ድረስ ታላቃችን ፈገግ ብላለች። ታናሻችን ግን «ያ ድሮ ነው፤ አሁን ዕቃ አይረክስም» ብሎ ተነሣ። «ምንጭህ ማነው?» ተባለ። ለካ ምንጭ አለው!

ፕሌይስቴሽን 5 በኅዳር 2020 በ499 ዶላር ወጣ። በድሮው ልማድ ቢሆን በ2025 ሦስት መቶ ምናምን መግባት ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ በነሐሴ 2025 አሜሪካ ውስጥ 549 ዶላር ገባ። በ2017 በ299 ዶላር የወጣው ኔንቲንዶ ስዊችም በስምንት ዓመቱ፣ በዚያው በነሐሴ 2025፣ ወደ 339 ዶላር ከፍ አለ። ያረጀ ዕቃ ሲወደድ! ድሮ ውስጡ ያለው ቺፕ በየጊዜው እያነሰና በርካሽ እየተመረተ ስለሚሄድ ኩባንያዎቹ ዋጋ ይቀንሱ ነበር። አሁን ያ ጉዞ ቀዝቅዟል፤ ቺፑን ማሳነስ ራሱ ውድ ሆኗል። በዚያ ላይ የቀረጡና የኑሮ ውድነቱ ጣጣ ተጨመረበት።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ ሌላም ሒሳብ አለበት። ማሽኑ ባለበት ቢቆም እንኳ ብሩ አይቆምለትም። እስቲ ያንኑ 499 ዶላር በባንክ ዋጋ እናስላው። በ2020 መጨረሻ ዶላሩ 38 ብር ገደማ ስለነበር ወደ 19 ሺህ ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር ገደማ ነበር፤ 28 ሺህ ብር በሉት። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፤ ማሽኑም ወደ 50 ሺህ ብር ገባ። ዕቃው ያው፣ ዶላሩም ያው 499! «ቆይ ይረክሳል» ብሎ የጠበቀ ሰው የረከሰለት ብሩ ብቻ ነው።

አሁን ታላቃችን ዝም አለች። ታናሻችን ግን ገና ድሉን ሳያጣጥም አንድ ጥያቄ ቀረበለት፦ «ለመሆኑ አዲሱን ገዝተህ ምን ልትጫወትበት ነው?» መልሱ ያው ኳስ ነው። እኛ ቤትም፣ ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤትም ንጉሡ የኳስ ጌም ነው። በ2025 የወጣው ኤፍሲ 26 ደግሞ በ2013 ለወጣው ፕሌይስቴሽን 4ም ተሠርቷል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ! ግራፊክሱ ከአዲሱ ያንሳል፤ መረቡ ግን ያው መረብ ነው።

ደግሞ አዲሱ ሁሉ ለእኛ ኑሮ አልተሠራም። በ2024 በ699 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ሲዲ ማጫወቻ የለውም፤ ለብቻው ካልተገዛለት ጌሙን ሁሉ ከኢንተርኔት ማውረድ ነው። አንዳንዱ ጌም ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። ለዚያ የሚሆን ፓኬጅ ስንገዛ፣ መሀል ላይም መብራት ሲጠፋ ይታያችሁ! ሲዲ ግን እናዋሳለን፣ እንዋሳለን፣ ሲሰለቸን እንለዋወጣለን፣ እንሸጣለን። ለእኛ ሲዲ ማለት እንደ ሰፈር ዕድር ነው።

እስከ መጨረሻው ያከራከረን ነገር ግን ዋጋም ሲዲም አልነበረም። ታናሻችን ድንገት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናንተ ቆዩ፤ እኔ ግን በጥቅምት የለሁም» አለ። ምደባው መቀሌ ይሁን ጅማ፣ ጎንደር ይሁን ሐዋሳ አይታወቅም። ከሄደ በኋላ ሦስታችን አንድ ሶፋ ላይ ተጣበን የምንጯጯህበት ጊዜ በዓመት ስንት ቀን ነው? የማሽኑ ዋጋ በየዓመቱ ሊወጣም ሊወርድም ይችላል። ይህ ክረምት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። የምንጠብቀው ገንዘባችንን ለመቆጠብ ነበር፤ ለካ መጠበቅም የራሱ ዋጋ አለው፤ ዋጋው የሚከፈለው በብር ስላልሆነ ነው የሒሳብ ሠራተኛዋ እንኳ ያልመዘገበችው።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንን። አጎታችንን አዲሱን ማሽን እንዳያመጣ፣ ይልቅ ሁለት ጥሩ ጆይስቲክ ብቻ እንዲያመጣ ነገርነው። እስከዚያው መርካቶ ወርደን ሲዲ የሚቀበል፣ ከፍተን ያየነው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው አጫውተን የሞከርነው ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዛን። ከዕቁቡ የተረፈው የታናሻችን የዩኒቨርሲቲ ብርድ ልብስ፣ ሻንጣና የኪስ ገንዘብ ሆነ። እሱ አዲሱን ባለማግኘቱ ቅር ብሎታል፤ አልደበቀም። እኛም «ልክ ነን» ብለን አልተከራከርነውም።

ምክር ከፈለጋችሁ የእኛ ይኸው፦ በወጣበት ቀን አትግዙ፣ በሽታው ይለይለት። ግማሽ ዋጋ እስኪገባም አትጠብቁ፣ ላይገባ ይችላልና። ዓመት ያህል ቆይታችሁ፣ ጠጋኙ ከለመደው፣ ሲዲውም ሰፈር ውስጥ መዞር ከጀመረ በኋላ አቅማችሁ ከቻለ ግዙ። ካልቻለ ደግሞ የቀደመውን ግዙና አብሯችሁ የሚጫወተው ሰው ሳይሄድ ተጫወቱ።

ቸር ያሰማን!