ሊብሬው ላይ ያለው ስም

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ስኩተር አገኘሁ! ነጭ ናት፣ ብዙም አልተነዳችም። ሰውየው ዛሬውኑ ከከፈልኩት ይቀንስልኛል» አለችኝ። ደስታዋ ለእኔም ተጋባብኝ። ሐዋሳ ታቦር አካባቢ ነው የምትኖረው፤ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ያለው ደግሞ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ስትጠብቅ ስንት ቀን እንደረፈደባት አውቃለሁ። ሐዋሳ ደግሞ ሜዳ ናት፤ ትንሽ ስኩተር እንደ ልቧ ትሄድባታለች። ቢሆንም ዋጋውን አልጠየቅኋትም።

«ሊብሬው በማን ስም ነው?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና «በውክልና ነው የሚሸጠው መሰለኝ» አለች።

እንግዲህ ከእናንተ ጋር ልጫወት የፈለግሁት ይህችኑ ነገር ነው። ሞተር ስንገዛ ዓይናችን የሚያርፈው ቀለሙና ጎማው ላይ ነው። ጎማ ያልቃል፣ ይቀየራል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ስም ግን አደጋ በደረሰ ቀን መጀመሪያ የሚጠራ ስም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪን ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ያሽከረከረው ሌላ ሰው ነው ብሎ ማምለጥ አይቻልም፤ ተሰርቆብኝ ነበር ብሎ ካላስረዳ በቀር። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ስሙ ሳይዞር ቁልፉን አያስረክብም። ለገዢው ደግሞ ውክልና መተማመኛ አይሆነውም። ውሉ ሌላ ካላለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። ብሩን ከፍላችሁ፣ ቁልፉን ይዛችሁ፣ ከማታውቋቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ ሊመጣ ይችላል።

ከሰዓት በኋላ አብሬያት ሄድኩ። ስኩተሯ የእውነት ቆንጆ ናት። ማርሽ መቀያየር የለባትም፤ ጋዝ ሰጥቶ መሄድ፣ ፍሬን ይዞ መቆም ብቻ ነው። ወንበሯ ሲነሳ ሄልሜት የሚያስቀምጥ ቦታ አላት። እኔ ጨርቅ ቤንዚን አስነክሬ የሻንሲ ቁጥሩን መፈለግ ጀመርኩ። እግር ማሳረፊያው ሥር ነው፤ ጭቃና ቅባት ተጋግሮበታል። እያሸሁት ሄድኩ፣ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። እሷ ሊብሬውን ይዛ ታነባለች፣ እኔ ብረቱ ላይ በጣቴ እከተላለሁ። ከመጨረሻው ሦስተኛዋ ላይ ስንደርስ ሊብሬው 3 ይላል፣ ብረቱ 8። የስልክ መብራት አበራንበት። 8 ነው።

«ጋሼ፣ ሲጽፉ ተሳስተው ነው» አለ ሻጩ።

ሊሆን ይችላል። ሰውየውን በሌብነት አልጠረጥረውም። ነገር ግን ስህተቱን ማስተካከል ያለበት ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው፤ ያውም እኛ አንድ ብር ሳንከፍል፣ ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ። ተስተካክሎ ሲመጣ እንነጋገራለን ብለን ተለያየን። ልጅቷ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ቀጥለን ያየናት ሁለተኛዋ ስኩተር የአንዲት መምህርት ናት፤ ሊብሬውም በራሷ ስም ነው። ቁጥሩ ገጠመ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኗን ፋይሏ ካለበት ቢሮ አጣርተን፣ ውልና ማስረጃ ፊት ተፈራርመን፣ ቦሎዋም ጊዜው አለማለፉን አይተን ስም ተዛወረ። ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ተጨቃጫቂ አልነበረንም።

የእህቴ ልጅ «መንጃ ፈቃድ እንደሆነ አለኝ» ብላ ነበር። ያላት የአውቶሞቢል ነው። ሞተር ሳይክል የራሱ ምድብ አለው፤ የራሱ ሥልጠና፣ የራሱ ፈተና። ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። በመኪና ኩርባ ስትታጠፍ መሪውን ታዞራለህ፤ በሁለት እግር ላይ ግን ገላህን ነው የምታዘነብለው። ዝናብ ያረጠበው አስፋልት ላይ የፊት ፍሬን በድንገት መያዝ ምን እንደሚያደርግ መኪና አያስተምርም።

ኢንሹራንሱ ላይ ሰው ሁሉ ቸኩሎ ያልፋል። እኔ ደግሞ የምቆምበት እዚያ ነው። ሦስተኛ ወገን የሚለው የመድን ስም ከየት መጣ? ውል የሚገቡት ሁለት ናቸው፤ ባለንብረቱና ኢንሹራንሱ። ሦስተኛው በውሉ ውስጥ የለም፣ አልፈረመም፣ ስሙንም አታውቁትም። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው እናት ልትሆን ትችላለች፤ ከትምህርት ቤት እየሮጠ የሚወጣው ሕፃን ሊሆን ይችላል። በ2005 የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ይህን መድን ግዴታ ያደረገው ለእነሱ ብሎ ነው። የገጨው ሰው አምልጦ ቢጠፋ እንኳ ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር የመድን ፈንድ የተቋቋመው ለዚሁ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የወሰነው ካሳ ከ5 ሺህ ያላነሰ፣ ከ40 ሺህ ያልበለጠ ብር ነበር። የሰው ነፍስ በብር ባይተመንም ለአንድ ቤተሰብ ትንሽ ነው ባይ ነኝ። ውል ስትገቡ ወቅቱ የሚፈቅደውን ጣራ ጠይቁ፤ ከግዴታው በላይ መግዛት ከቻላችሁ ግዙ።

ለልጅቷ ደጋግሜ የነገርኳት አንድ ነገር አለ። «አንቺ ብትወድቂ፣ እግርሽ ቢሰበር፣ ስኩተሯ ብትሰረቅ፣ በዚህ መድን የሚከፈልሽ ነገር የለም።» ለራስና ለንብረት ሌላ ውል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ወረቀቱን ይዞ ሁሉ ነገር የተሸፈነ ይመስለዋል፤ የሚያውቀው ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ያለ መንጃ ፈቃድ ተነድቶ ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ኢንሹራንሱ ለተጎጂው የከፈለውን ከባለንብረቱ ሊጠይቅ ይችላል። መንጃ ፈቃዱና መድኑ የተያያዙ ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት የከተማውን ፈቃድ ጠይቁ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር እንደ ልብ የሚነዳበት ከተማ መሆኑ ቀርቷል። ሌላ ቦታ ገዝቶ ይዞ መግባት መፍትሔ አይሆንም።

ልጅቷ አሁን ማሠልጠኛው ሜዳ ላይ ናት። ጠዋት ከሥራ በፊት ሄጄ አያታለሁ፤ በተደረደሩት ቆርቆሮዎች መካከል ስምንት ቁጥር ትሠራለች። መጀመሪያ ላይ እግሯን መሬት ታስነካ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ሦስት ዙር ሳታስነካ ጨረሰች። ስኩተሯ እኔ ግቢ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ቁልፉን «አንተ ያዝልኝ» ብላ የሰጠችኝ ራሷ ናት። ፈተናው ማክሰኞ ነው።