የሌለ አገር ሰዎች እምነት

የሰው ልጅ በየትኛውም አገር ቢኖር ሦስት ጥያቄዎች አይለቁትም። ማን ፈጠረኝ? በዚህ ዓለም እንዴት ልኑር? ስሞትስ ወዴት እሄዳለሁ? ሕዝቦች ሁሉ እንደየአገራቸውና እንደየቋንቋቸው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲፈልጉ ኖረዋል። እኔ ግን ዛሬ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት በካርታ ላይ ስለማይገኝ፥ በአንድ ደራሲ አእምሮ ውስጥ ስለ ተፈጠረ ዓለምና በዚያ ስለሚኖሩ ሕዝቦች እምነት ነው። «የሌለ አገር ሰዎች እምነት ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ታግሦ ያንብብልኝና ከዚያ በኋላ ይፍረድ።

ደራሲው ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፥ ብሉምፎንቴን በምትባል ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። አባቱ የሞተው እርሱ 4 ዓመት ሲሆነው፥ እናቱም የሞተችው 12 ዓመት ሲሆነው ነው። በ1916 ዓ.ም. በሶም ጦርነት ላይ ወታደር ሆኖ ተዋጋ፤ ከልብ ወዳጆቹም መካከል በዚያ ጦርነት የሞቱበት አሉ። በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንት እንግሊዝኛ መምህር ሆነ። «ሆቢት» የተባለውን መጽሐፍ በ1937 ዓ.ም.፥ «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ደግሞ በ1954 እና በ1955 ዓ.ም. በሦስት ክፍል አሳተመ። ስለ ዓለሙ አፈጣጠር የሚናገረው «ሲልማሪሊዮን» ግን የታተመው ደራሲው በ1973 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ፥ በ1977 ዓ.ም. በልጁ አዘጋጅነት ነው። ቶልኪን የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ ነበር። ስለ መጽሐፉም ሲጠየቅ ዋናው ነገር ሞትና ያለ መሞት ምኞት መሆኑን ተናግሯል። ያን ያህል ሞት በልጅነቱ ላየ ሰው ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

መጽሐፉን ያነበብሁት ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ነው። አያቴ ታመው አልጋ ላይ ስለ ነበሩ ቀን ቀን በአጠገባቸው ተቀምጬ አነባለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ያነበብሁትን በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ጥያቄያቸው ግን የመምህር ጥያቄ ነበር። ስለ ጦርነቱና ስለ ቀለበቱ ብዙም አልጠየቁኝም። «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የሚያመልኩት ማንን ነው? ታቦታቸውስ ወዴት ነው?» ይሉኝ ነበር። መልሱ በያዝሁት መጽሐፍ ውስጥ ተገልጦ ስላልተጻፈ ሌሎቹን መጻሕፍት ፈልጌ ማንበብ ግድ ሆነብኝ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ከአያቴ ጥያቄዎች የተወለደ ነው።

በዚያ ዓለም ከሁሉ በፊት የነበረ አንድ አምላክ አለ። ስሙ ኤሩ ነው፤ ትርጓሜውም «አንዱ» ማለት ነው። ኢሉቫታር እየተባለም ይጠራል፤ ይኸውም የሁሉ አባት ማለት ነው። ኤሩ አስቀድሞ መንፈሳውያን ፍጥረታትን ፈጠረና ዜማ ሰጣቸው። እነርሱም በአንድነት በዘመሩ ጊዜ ገና ያልተፈጠረው ዓለም ታሪክ በዜማው ውስጥ ተገለጠ። ነገር ግን ከእነርሱ በኃይልና በዕውቀት የሚበልጠው ሜልኮር የራሱን ዜማ እየጮኸ ማኅበሩን አወከ። ኤሩ መዝሙሩን አላፈረሰውም፤ የሜልኮርን ጩኸት እንኳ ሳይቀር ወስዶ ሜልኮር ላላሰበው ውበት እንዲያገለግል አደረገው።

ከእነዚህ ፍጥረታት መካከል 14 ታላላቆች ወደ ዓለም ወርደው ጠባቂዎች ሆኑ። ቫላር ይባላሉ። ማንዌ በነፋስና በሰማይ፥ ኡልሞ በውኃ፥ አውሌ በብረትና በድንጋይ፥ ያቫና በዕፅዋት ላይ ተሾሙ። ቫርዳ የከዋክብት ንግሥት ናት። ማንዶስ የሙታንን ቤት ይጠብቃል። ኒየና የምትባለው ደግሞ ሥራዋ ስለ ዓለም ቁስል ማልቀስ ነው፤ ከእርስዋም ዘንድ የሚሄድ ሁሉ ትዕግሥትንና ርኅራኄን ይማራል። የዚያ ዓለም ሰዎች አንዳንድ ጊዜ እነዚህን አማልክት ይሏቸዋል። ይህን ስነግራቸው አያቴ ራሳቸውን ነቅንቀው፥ «የተፈጠረ ሁሉ አምላክ አይባልም፤ እነዚህ መላእክት ናቸው» አሉኝ። ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላም በአንድ ወንበር አብራኝ ለምትቀመጠው ጓደኛዬ ነገርኋት። እርስዋ እስላም ናት፤ ምንም ሳልላት፥ «ማላኢካዎች ናቸዋ!» ብላ ያንኑ ቃል መለሰችልኝ።

በዚያ ዓለም የሚኖሩ ሕዝቦች ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት አያምኑም። ኤልፍ የሚባሉት ሕዝቦች በእርጅና አይሞቱም። ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት ቫርዳን ናት፤ በእነርሱ ቋንቋ ኤልበሬት ይሏታል። ሌሊት ከዋክብትን እያዩ ይዘምሩላታል። የታሪኩ ባለቤት ፍሮዶ ከኤልፍ ወገን ባይሆንም ጥቁር ፈረሰኞች በሌሊት በከበቡት ጊዜ ሳያስበው የጮኸው ስሟን ነው። እኛ አገር ሰው ሲደነግጥ አስቀድሞ ከአፉ የሚወጣው የጻድቅ ወይም የመልአክ ስም እንደ ሆነ ሁሉ ማለት ነው።

ድዋርፍ የሚባሉት ደግሞ ቁመታቸው አጭር፥ ጢማቸው ረጅም የሆነ የአንጥረኛና የድንጋይ ጠራቢ ሕዝብ ናቸው። የእነርሱ ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ደስ አሰኝቶኛል። አውሌ የሚያስተምራቸውን ልጆች ከመናፈቁ የተነሣ ከኤሩ ሳያስፈቅድ ሰባት የድዋርፍ አባቶችን በተራራ ሥር በስውር ሠራ። ኤሩም ጠርቶ ገሠጸው። አውሌ እያለቀሰ ፍጥረቶቹን ለማጥፋት ታላቁን መዶሻ ባነሣ ጊዜ ድዋርፎቹ ፈርተው ተሸማቀቁ። በዚያን ጊዜ ኤሩ መዶሻውን አስቆመው። የገዛ ራሳቸው ሕይወት ባይሰጣቸው ኖሮ እንዴት ሊፈሩ ይችሉ ነበር? ኤሩ የአውሌን ትሕትና አይቶ ልጆቹን እንደ ራሱ ልጆች ተቀብሏቸው ነበር። ስለዚህ ድዋርፎች አውሌን ማሃል ብለው ያከብሩታል። ሲሞቱም እርሱ በተለየ አዳራሽ እንደሚሰበስባቸውና ከመጨረሻው ጦርነት በኋላ ዓለምን አብረውት እንደሚያድሱ ያምናሉ። ኤልፎች ግን፥ «ድዋርፍ ሲሞት ወደ ተሠራበት ድንጋይ ይመለሳል» ይሏቸው ነበር። ይህ ነገር በሌለ አገር ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም፤ የጎረቤትን ተስፋ ማቃለል በሁሉም አገር ቀላል ሥራ ነው። አያቴ ስለ መዶሻው በሰሙ ጊዜ፥ «ይህማ የአብርሃም ቢላዋ ነው» አሉ። ጓደኛዬም በበኩልዋ ስለ ኢብራሂምና ስለ አረፋ በዓል አጫወተችኝ።

አሁን ወደ ሰዎች ልምጣ። በቶልኪን ዓለም ሞት ለሰው ልጅ ከኤሩ የተሰጠ ስጦታ ይባላል። ኤልፍ ዓለም እስካለ ድረስ ከዓለም ጋር ታስሮ ይኖራል፤ ሰው ግን ከዓለም ይወጣል። ወዴት እንደሚሄድ ኤልፎች አያውቁም። ሜልኮር በዚህ ስጦታ ላይ ጥላውን ጣለበትና ሰዎች እንዲፈሩት አደረጋቸው። ከዚህም ፍርሃት የተነሣ በዚያ ዓለም ታሪክ ውስጥ ታላቁ ጥፋት ደረሰ።

በባሕር መካከል ኑሜኖር የምትባል ታላቅ የሰዎች ደሴት ነበረች። በመካከልዋ የሰማይ ዓምድ የሚባል ተራራ ነበረ። በጫፉ ላይ ቤተ መቅደስ አልነበረም፤ ጣራም፥ የተጠረበ ድንጋይም አልነበረበትም። ሕዝቡ በዓመት ሦስት ጊዜ፥ ይኸውም በጸደይ ለልመና፥ በበጋ ለምስጋና፥ በመከርም ስለ ተሰጣቸው ነገር ለማመስገን፥ ነጭ ለብሰው በጸጥታ ይወጡ ነበር። በዚያ ቦታ ከንጉሡ በቀር ቃል የሚናገር አልነበረም። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ነገሥታቱ ሞትን መፍራትና በስጦታው ላይ ማጉረምረም ጀመሩ። ወደ ተራራው መውጣትም ቀረ። «ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት» እንደሚባለው ሆነ።

በመጨረሻው ንጉሥ በአር ፋራዞን ዘመን የሜልኮር አገልጋይ ሳውሮን ምርኮኛ ሆኖ ወደ ደሴቲቱ ገባ፤ በአንደበቱም የንጉሡ አማካሪ እስከ መሆን ደረሰ። እርሱም፥ «ኤሩ የሚባል የለም፤ ከሞት የሚያድናችሁ ሜልኮር ነው» ብሎ አስተማረ። ታላቅ ቤተ መቅደስም አሠራ። የመሠረቱ ስፋት 500 ጫማ፥ ከፍታው 500 ጫማ፥ የግድግዳው ውፍረት 50 ጫማ ነበረ። ጉልላቱ የብር ነበር፤ ነገር ግን ወዲያው በጢስ ጠቆረ፤ ምክንያቱም በውስጡ የሚሠዋው ሰው ነበር። ሰዎቹ ሞት እንዲቀርላቸው ሌላውን ሰው አረዱ። ሞት ግን አልቀረም፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ፈጥኖና በዝቶ መጣ። በመጨረሻም ንጉሡ የማይሞቱትን ምድር በኃይል ለመያዝ መርከቦቹን ወደ ምዕራብ ባዘመተ ጊዜ ደሴቲቱ በባሕር ሰጠመች። ከጥቂት ታማኞች በቀር የተረፈ አልነበረም።

ይህን በተረክሁ ሰሞን አንድ ዘመዳችን ሊጠይቁን መጥተው፥ ገንዘብና አንድ በግ ከተሰጠው የበሽተኛን ዕድሜ ያስረዝማል ስለሚባል ሰው ለቤተ ሰቡ በሹክሹክታ ነገሩ። እናቴም ስለ ጨነቃት ልትስማማ ምንም አልቀራት። አያቴ ግን ሰምተው ኖሮ ከአልጋቸው ላይ ሆነው፥ «ዕድሜ የሚሸጥ ቢሆን አስቀድሞ ለገዛ እናቱ በሰጣት ነበር። የሐኪሙን መድኃኒት አምጡልኝ፤ የቀረውን ለፈጠረኝ ተዉለት» አሉ። ይህን ጥበብ መጽሐፉ አስተማራቸው አልልም፤ ቶልኪን ከመጻፉ በፊት ያውቁት ነበር። እኔ ግን ሰው ሲፈራ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገዛ በመጽሐፍ ያነበብሁትን በገዛ ቤታችን ውስጥ አየሁት።

ከኑሜኖር የተረፉት ሰዎች ጎንዶር የምትባል መንግሥት አቆሙ። ከዘሮቻቸው አንዱ ፋራሚር የተባለው አለቃ ፍሮዶንና አገልጋዩን ሳምን በእንግድነት በተቀበለ ጊዜ፥ ከማዕድ በፊት ወታደሮቹ ሁሉ ቆመው ፊታቸውን ወደ ምዕራብ መለሱና ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ይህም የጠፋችውን ኑሜኖርን፥ ከእርስዋም ማዶ ያለውን፥ ከዚያም ማዶ ለዘለዓለም የሚኖረውን ለማሰብ ነው። ፋራሚር፥ «እናንተስ እንዲህ ያለ ሥርዓት የላችሁምን?» ብሎ ጠየቀው። ፍሮዶ ከሆቢቶች ወገን ነው፤ ሆቢቶች ትንንሽ የገበሬ ሰዎች ናቸው፥ ቤተ መቅደስም ካህንም የላቸውም። ፍሮዶም በእነርሱ አገር እንግዳ የሆነ ሰው ለባለቤቱ እጅ እንደሚነሣ፥ ከበላም በኋላ ተነሥቶ እንደሚያመሰግነው ነገረው።

ለአያቴ የተረክሁላቸው የመጨረሻው ታሪክ ይህ ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «የኔም ነገር ይኸው ነው፤ እንግዳ ነበርሁ፥ በላሁ፥ ጠጣሁ፤ ስወጣ ባለቤቱን አመስግኜ እወጣለሁ» አሉኝ። በጥቅምት ወር ዐረፉ።

እንግዲህ፥ ውድ አንባብያን፥ ይህ የሌለ አገር ታሪክ ምን ይጠቅመናል ላለው ጠያቂ መልሴ የሚከተለው ነው። በዚያ ዓለም ደጋጎቹ ቤተ መቅደስ አልነበራቸውም ብሎ ቤተ ጸሎትን የሚንቅ ቢኖር ነገሩን አላስተዋለም፤ ደራሲው ራሱ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ነበር። ልዩነቱ በሕንጻው አይደለም። በተራራው ላይ የወጡት ለተሰጣቸው ነገር አመሰገኑ፤ በጥቁሩ ጉልላት ሥር የተሰበሰቡት ግን ያልተሰጣቸውን ለመውሰድ የሌላውን ነፍስ ከፈሉ። አንድ ሰው በእምነት ስም ሲጠራን፥ «የምትጠራኝ ወደ ምስጋና ነው ወይስ በፍርሃቴ ልትነግድብኝ ነው?» ብለን ብንጠይቀው ከብዙ ጥፋት እንድናለን።

ሁለተኛው ጥቅም ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ ቅርብ ነው። እኔና ጓደኛዬ ሦስት ዓመት በአንድ ወንበር ስንቀመጥ ስለ ሃይማኖት ተነጋግረን አናውቅም ነበር፤ አንዳችን ሌላውን እንዳናስቀይም እንጠነቀቅ ነበርና። ስለ አውሌ መዶሻ ስንነጋገር ግን ማንም ሳይቀየም ስለ አባታችን ስለ አብርሃም፥ ስለ መላእክትና ስለ ሞት ተጫወትን። እርስዋ የእርስዋን፥ እኔም የእኔን እምነት እንደ ያዝን ነን። ነገር ግን ኤልፎች በድዋርፎች ላይ እንዳደረጉት አንዳችን የሌላውን ተስፋ አናቃልልም። ለዚህ ያበቃን አንድ የልብ ወለድ መጽሐፍ ከሆነ፥ ክረምቱን በከንቱ አላሳለፍሁትም እላለሁ።