ትንሿ ካሜራና የእኅቶቻችን መዳፍ

በሕክምና ትምህርት ላይ የምንገኝ ተማሪዎች ስለ ፊልም ካሜራ ለመጻፍ መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ምክንያቱ አጭር ነው። ማኅበራችን በዚህ በቤይሩት ከተማ በቤት ሠራተኝነት ለሚኖሩ እኅቶቻችን ስለ ደም ማነስ የሚያስረዳ የአሥራ ሁለት ደቂቃ ፊልም በአማርኛ እንድናዘጋጅ ኃላፊነት ሰጠን፤ እኛም ተቀበልን። ሌሎች አባላትም ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር ማሰባቸውን ስለሰማን፣ በሥራው ላይ ያገኘነውን ልምድ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በመጀመሪያ፣ ፊልም ለምን አስፈለገ? እሑድ እሑድ በዶራና በቡርጅ ሐሙድ ሠፈሮች የምናገኛቸው እኅቶቻችን ወረቀት ብንሰጣቸው የሚያነቡበት ጊዜ የላቸውም። ስልካቸውን ግን ሌሊት፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ይከፍቱታል። ብዙዎቹ ድካም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር እንዳለባቸው ይነግሩናል። ይህ ሁሉ «ናፍቆት ነው»፣ «እንቅልፍ ማጣት ነው» እየተባለ ይታለፋል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ግን ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት በአንድ ዴሲሊትር ደሟ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከ12 ግራም ካነሰ የደም ማነስ አለባት። ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ የሚታየው ምልክት ደግሞ የመዳፍና የታችኛው የዓይን ሽፋን የውስጥ ክፍል መገርጣት ነው። ይህን ምልክት በቃል ከመናገር ማሳየት ይሻላል።

ችግሩም እዚሁ ላይ ይጀምራል። ካሜራው ቀለሙን ካዛባው ጤነኛዋ የገረጣች፣ የገረጣችው ጤነኛ ሆና ትታያለች። ተራ ፊልም ላይ ይህ የውበት ጉድለት ሲሆን፣ የእኛ ፊልም ላይ ግን ሐሰተኛ ምርመራ ይሆናል። የጠቆረ ቆዳ በካሜራ ፊት የነበረው ዕድልም የሚያኮራ አይደለም። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ እንዲሆን ይልከው የነበረው «ሸርሊ ካርድ» የተባለው መለኪያ ለረጅም ዘመን የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። በእኛም ሙያ ነገሩ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ ጥናት፣ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የጥቁር ሕሙማንን የኦክስጅን እጥረት ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አመልክቷል። መሣሪያ አጥርቶ የሚያየው የተለካበትን ሰው ነው። ስለሆነም በሌላ ሰው ልክ የተሰፋውን መለኪያ በራሳችን ልክ ማስተካከል የእኛ ፈንታ ይሆናል።

የሠራንበት ካሜራ ብላክማጂክ ፖኬት ሲኒማ ካሜራ 4ኬ የሚባለው ነው። ከአንድ የፊልም ተማሪ ወዳጃችን ተውሰነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ዋጋው 1,295 ዶላር ነበር፤ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጠው ከዚያ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ትንሽ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ተቀርጾ ነው፤ በዘመኑ ሚዛን ያም ትንሽ መሣሪያ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ካሜራ እንደ ስልክ ሁሉን ነገር ለባለቤቱ አያሰናዳም። ትኩረቱን እየተከተለ አያስተካክልም፣ የእጅን መንቀጥቀጥ አያረጋጋም፣ የፀሐይን ብርሃን የሚቀንስ ማጣሪያም በውስጡ የለውም። ለእኛ ሥራ ይህ ጠባዩ ጠቀመን፤ ካሜራው በራሱ ፈቃድ ቀለምና ብርሃን እንዳይለዋውጥብን እንፈልግ ነበርና።

ስለ ብርሃን መጠን፦ ካሜራው «ፎልስ ከለር» የተባለ መለኪያ አለው። ሲከፈት ሥዕሉ እንደ ብርሃኑ መጠን በልዩ ልዩ ቀለም ይታያል። አረንጓዴ መካከለኛውን ብርሃን፣ ሐምራማ ሮዝ ከዚያ አንድ ስቶፕ ከፍ ያለውን፣ ቀይ ደግሞ ከመጠን አልፎ የጠፋውን ያመለክታል። የተለመደው ምክር ለነጣ ቆዳ ሮዙን፣ ለጠቆረ ቆዳ አረንጓዴውን መያዝ ነው። እኛም የፊትንና የእጅን ጀርባ በአረንጓዴው ላይ አደረግን። መዳፍ ግን ከእጅ ጀርባ ይልቅ ብሩህ ስለሆነ ለብቻው መለካት አለበት፤ አለዚያ ይነጣና የሌለ በሽታ ያሳያል። አይ.ኤስ.ኦን በሚመለከት፣ ካሜራው 400 እና 3200 የሆኑ ሁለት መሠረታዊ ደረጃዎች አሉት። ከ100 እስከ 1000 ድረስ በአንደኛው፣ ከ1250 ጀምሮ በሁለተኛው ይሠራል። ስለዚህ ብርሃን ሲያንስ 1000 ላይ ከመቆም ወደ 1250 ማለፍ ጥራት ያለው ሥዕል ይሰጣል።

ስለ መብራት፦ ቤይሩት የምንኖር ሁሉ እንደምናውቀው የመንግሥቱ መብራት ሲሄድ «ኢሽቲራክ» የሚባለው የሠፈር ጄኔሬተር ይተካል። ርካሽ አምፖሎች በዚህ ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ዓይናችን ባያየውም ካሜራው ያየዋል። የዚህ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 25 ሥዕል እየቀረጹ ሻተሩን 180 ዲግሪ፣ ማለትም የሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ላይ ማድረግ መርገብገቡን ብዙውን ጊዜ ያጠፋዋል። እኛ ግን አምፖሉን ጨርሶ ትተን መስኮት መረጥን። ነጠላ በመስኮቱ ላይ ወጥረን ብርሃኑን አለሰለስነው፤ ሌላ ነጭ ጨርቅ በተቃራኒው በኩል ይዘን ጥላውን አቃለልነው። ዕቃው ከሁላችንም ሻንጣ የማይጠፋ ነው፤ ውጤቱም ጥሩ ነበር። ጄኔሬተሩ በማይሠራበት ሰዓት በመቅረጻችን ድምፁም ጸጥ ያለ ሆነልን። ለድምፅ የተለየ ማይክሮፎን ለተናጋሪው አስጠግቶ ማድረግ ግዴታ ነው። ተመልካች ደብዘዝ ያለ ሥዕል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም።

ስለ ቀለም፦ የነጭ ሚዛኑን በግራጫ ካርድ ላይ ለክተን ቆለፍነው፤ ካርዱንም በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ ላይ አሳየነው። ደጅ ለሚቀርጹ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። ጠንካራ ብርሃን ቀናሽ ማጣሪያ ሲደረግ ኢንፍራሬድ የሚያግድ ዓይነት ካልሆነ ጥቁር ልብስ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ማጣሪያ ሲገዛ ይህ ይጠየቅ። ባትሪውም አንድ ሰዓት እንኳ በቅጡ ስለማይቆይ ሦስት አራት መያዝ ይበጃል። የማኅደረ ትውስታውን ቦታ ለመቆጠብ ብላክማጂክ ሮው የተባለውን አቀራረጽ በ12 ለ 1 መጨመቂያ ተጠቅመናል፤ በዚህ መልክ ሲቀረጽ አንድ ሰዓት ወደ መቶ ጊጋባይት ይፈጃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። መዳፏን እንድንቀርጽ የፈቀደችልን እኅታችን ከአሠሪዋ ቤት የወጣችና የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ነበረች። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። «ፊቴን እንዳታወጡት፣ እጄ ይበቃችኋል» አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩ ሥዕል ማለት ምን ማለት እንደሆነ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርን። ነጠላው ብርሃኑን ከማለስለሱም በላይ በመስኮቱ ማዶ ያለውን ጎዳና ጋረደው። ቀለበቷን አወለቀች። ንግግሯን ከመካከላችን አንዷ በራሷ ድምፅ አነበበችው። የመጀመሪያው ድምፅ ያለበትን ካርድ እፊቷ አጠፋነው።

መዳፏ በእርግጥ የገረጣ ነበር። ምርመራ እንድታደርግ አግባብተን፣ ፈቃድ የማይጠይቅ ሐኪም ዘንድ ይዘናት ሄድን፤ ሄሞግሎቢኗ 8.1 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ የብረት ማዕድን ክኒን አዘዘላት። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ብረቱን ከመመጠጥ እንደሚያግዱ፣ ሎሚና ብርቱካን ግን እንደሚያግዙ ነገርናት። «እነሱ ቤት ሻዩ ምሳዬ ነበር» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን እኛን አላሳቀንም።

ከአሥር ሳምንት በኋላ ያንኑ መዳፍ ለሁለተኛ ጊዜ ቀረጽነው። ቅድመ ጥንቃቄያችን የጠቀመው በዚህ ጊዜ ነው። መስኮቱ፣ ሰዓቱ፣ የሌንሱ ርቀት፣ አይ.ኤስ.ኦው፣ የነጭ ሚዛኑ ሁሉ እንደ ሕመምተኛ መዝገብ በደብተር ተጽፎ ስለነበር ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተለወጠው ደሟ ብቻ ነው። ከካሜራው ጋር በሚሰጠው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው ፕሮግራም ፊልሙን ስናሰናዳም ሁለቱን ግራጫ ካርዶች አስተካከልን እንጂ የመዳፉን ቀለም አልነካንም። ማድመቅ ቀላል ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። ፊልሙ የሚታየው ብርሃኑ በተቀነሰ ስልክ ላይ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ መሆኑን አስበን ጨለማ የበዛበት ውበት አልፈለግንም፤ ጽሑፉንም ትልቅ አደረግነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ካሜራ ለመግዛትም ሆነ ለመዋስ ስትነሡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ኬ ነው?» ሳይሆን «ማንን ልናሳይ ነው? ይህ ሰው በመታየቱ ምን ያገኛል? ምን ያጣል?» የሚለው ይሁን። መልሱ ሲታወቅ ብርሃኑ የት እንደሚቆም፣ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚቀርብ፣ ምን ከሥዕሉ ውጭ እንደሚቀር ራሱ ይነግራችኋል። መለኪያዎቹ በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚጠኑ ናቸው። ፊልሙን ያያችሁ አባላት ለምታውቋት እኅት ላኩላት፤ መዳፏን በመስኮት ብርሃን እንድታይ ንገሯት። ገርጥቶ ከታያት ወደ ማኅበራችን ትምጣ፤ ብቻዋን አትሄድም፣ አብረናት እንሄዳለን።