ሳፋ ውስጥ የተማርኩት ዋና

የስኩባ ዳይቪንግ ጀማሪ ኮርስ ልመዘገብ ነው ስላቸው ዱባይ ያሉ ጓደኞቼ ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ለመሆኑ ዋና ትችላለህ?» እኔም የግዮን ሆቴልን መዋኛ ጠርዝ ይዤ ያደግኩ ሰው፣ «እንዴታ! 18 ሜትር ነው የምወርደው» አልኳቸው። ኮርሱን የጨረሰ እስከዚያ ድረስ እንዲወርድ እንደሚፈቀድለት አንብቤ ነበር፤ እንዴት እንደሚጨረስ ግን አላነበብኩም።

ዝግጅቱን ከሱቅ ጀመርኩ። ማስክ፣ ረጅም የእግር መቅዘፊያ፣ ውኃ የማያስገባ የካሜራ ሽፋን። ለባለቤቴ የነገርኳት የዋጋውን ግማሽ ነው። ከዚያ የራሴን ልምምድ ፈጠርኩ፤ ማታ ማታ ሳፋ ውኃ ሞልቼ ፊቴን እነክርና ትንፋሼን እይዛለሁ። ስልኬ ሰከንድ ይቆጥራል፣ እኔ ጉንጬን ነፍቼ ዓይኔ ደም እስኪመስል እታገላለሁ። ልጄ በር ላይ ቆማ «አባዬ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለችኝ። አሠልጣኙ ሲያየኝ እንደሚደነቅ አልተጠራጠርኩም።

የትምህርቱ የመጀመሪያ ሕግ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ትንፋሽ በጭራሽ አይያዝም! 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ላይኛው የውኃ ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ ከሲሊንደር የሳቡትን አየር አፍነው ሽቅብ ቢወጡ አየሩ እየሰፋ ሄዶ ሳንባን ይጎዳል። እኔ እንግዲህ ስንት ማታ አንገቴን ደፍቼ ያጠናሁት፣ ተማሪ እንዳያደርገው የሚጠበቀውን ነገር ነው።

ዋናውም ጉድ አፈላ። የሚጠየቀው 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ብቻ ነው፤ ፍጥነት የሚለካ የለም። እኔ ግን ውኃውን ስደበድብ ገና መሃል ሳልደርስ ትንፋሼ አለቀ። እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ቀስ ብለው እየቀዘፉ አለፉኝ፤ ይባስ ብለው ፈገግ አሉልኝ። ውዱ ማስክም ከጢሜ ጋር አልስማማ ብሎ ውኃ ያስገባል።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው የጤና ቅጹ ነው። አስም፣ የጆሮ ሕመም፣ ሳይነስ እያለ ይጠይቃል። እኔ ኤር ኮንዲሽነር በነካኝ ቁጥር ሳይነሴ የሚነሳብኝ ሰው፣ ሐኪም ዘንድ ላለመሄድ ስል ሁሉንም «የለብኝም» ብዬ ፈረምኩ። ለባሕሩ ልምምድ ፉጃይራ ሄደን ገና ጥቂት ሜትር እንደወረድን ጆሮዬ ውስጥ ምስማር የገባ መሰለኝ። አፍንጫን ይዞ በቀስታ እየነፉ የጆሮን ግፊት ማስተካከል ተምሬያለሁ፤ ግን የታፈነ አፍንጫ በምን ያሳልፍ? አሠልጣኙ በእጁ ምልክት ሰጥቶኝ ቀስ ብለን ወጣን። አልተቆጣኝም። «ቅጹ ላይ ለምን አልጻፍክም?» ብቻ አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

አሁን ጢሜን ተላጭቻለሁ፣ ገንዳ ውስጥ ቀስ ብሎ መዋኘትን እየተማርኩ ነው፣ ሳይነሴንም እየታከምኩ ነው። ሐኪሙ ሳይፈርምልኝ ተመልሼ አልወርድም። እናንተም ልትመዘገቡ ካሰባችሁ መቅዘፊያ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እኔ ለምርመራው የከፈልኩት ለማስኩ ካወጣሁት ያንሳል።