ባለ 18 ባይት ቀበቶ

የቆዳ ዕቃ የሚነግዱ አንዲት እናት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሱቃቸው ድረ ገጽ አሠሩ። የሠራላቸው የዚህ ወግ ጸሐፊ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ጥፋት ባለቤት አለው። ገጹ በተከፈተ በማግስቱ በጠዋት ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ቀበቶ ብለህ ጻፍ ስልህ የባንክ ሒሳብ ቁጥር የለጠፍክብኝ ለምንድን ነው?»

ጸሐፊው ገጹን ከፍቶ ቢያይ እውነታቸውን ነው። ቡናማው ቀበቶ ፎቶው ላይ አምሮበታል፤ ዋጋውም በትክክል ሰፍሯል። ስሙ ግን የለም። በስሙ ቦታ ዩ1240ዩ1260ዩ1276 የሚል ነገር ተገትሯል። ዩ ተብላ እዚህ የተጻፈችው የላቲኗ ፊደል ናት። ቦርሳውም፣ የኪስ ቦርሳውም፣ ጫማውም እንዲሁ ስማቸውን ጥለው ቁጥር ለብሰዋል። «እትዬ፣ አሁኑኑ ይስተካከላል» አላቸው። የሚስተካከለው ነገር ምን እንደሆነ ግን ገና አላወቀም ነበር።

ቁጥሮቹ ዝም ብለው የተዘበራረቁ አይደሉም። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ ስሪቱ ነው (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)። ሀ 1200 ቁጥር ቤት ገባች። ቀ 1240፣ በ 1260 ደረሳቸው። ተ 1270 ላይ ስለምትኖር ሰባተኛዋ ቶ 1276 ላይ ትውላለች። ቆጠራው በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት የሚሄድ በመሆኑ አንዳንዱ ቤት ከቁጥር ጋር የላቲን ፊደል ይደባልቃል፤ «ቀበቶ» ግን ዕድለኛ ቃል ሆና ሦስቱም ፊደሎቿ በንጹሕ አኃዝ ይጻፋሉ። ባለሱቋን የባንክ ሒሳብ ያስመሰለባቸውም ይኸው ነው።

ፊደሎቹን በቤት ቁጥራቸው የጠራቸው ፒኤችፒ፣ ገጹ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ጸሐፊው የሱቁን ዕቃ ዝርዝር ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀመጠው ጄሰን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ መልክ ነበር፤ ለዚህ ሥራ ፒኤችፒ ሁለት መሣሪያ አለው። ጄሰን ኢንኮድ የሚባለው በፕሮግራሙ ሆድ ያለውን ዝርዝር ወደ አንድ ረጅም ጽሑፍ ይጠቀልለዋል፤ ጄሰን ዲኮድ መልሶ ይፈታዋል። የሚጠቀልለው ለእንግሊዝኛ ከተሠራው ከጥንቱ የአስኪ ፊደላት ውጭ የሆነ ነገር ሲያጋጥመው እንዳለ አያሳልፈውም። መጀመሪያ ባክስላሽ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ዩ፣ ከዚያ አራት አኃዝ። ፊደሏ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ የምትይዘው ሦስት ባይት ነው፤ በባክስላሹ አጻጻፍ ግን ስድስት ይሆናል። ባለ 9 ባይቱ ቀበቶ በአንድ ሌሊት 18 ሆኖ አደረ። ቀበቶ ሲረዝም ወገብ ላይ እጥፍ ይዞራል እንጂ ጉዳት የለውም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ጄሰን ዲኮድ ሲፈታው ያው ቀበቶ ይወጣል።

የሱቁ ቀበቶ አልወጣም፤ መሐል ላይ ሌላ እጅ ገብቶበታል። ጽሑፉ ወደ ዳታቤዙ ሲያልፍ ባክስላሽ ያየበትን ሁሉ እንደ ጉድፍ የሚጠርግ መስመር ነበረ። ባክስላሹ ሲሄድ ዩ እና ቁጥሩ ሜዳ ላይ ቀሩ፤ ዲኮዱም «ጸሐፊው እንዲህ ሊል ፈልጎ ይሆናል» ብሎ እንዳለ አወጣው። ያን መስመር ማን ጻፈው? ጸሐፊው ራሱ፤ ከአሮጌ ኮድ ገልብጦ። አሮጌው ኮድስ ለምን ነበረው? ድሮ ፒኤችፒ ማጂክ ኮትስ የሚባል ጠባይ ነበረው፤ ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍ ላይ ትእምርተ ጥቅስ ባየ ቁጥር፣ ዳታቤዙን ሊያታልል የመጣ ሌባ ይሆናል ብሎ ሳይጠየቅ ባክስላሽ ይለጥፍበታል። ፕሮግራመሮች ደግሞ የተለጠፈውን መልሰው መጥረግ ልማድ አደረጉት። ማጂክ ኮትስ በ2012 መጋቢት ወር በወጣው 5.4 ስሪት ተሰረዘ። መጥረጊያው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ቀጠለ። አቧራው ካለቀ በኋላ መጥረጉን ያልተወ ሰው ዕቃ ይሰብራል።

ጄሰንም ራሱ ከጥንቃቄ የተወለደ ነገር ነው። በ2001 ሚያዝያ ላይ ዳግላስ ክሮክፎርድና ቺፕ ሞርኒንግስታር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ከካሊፎርኒያ ጋራዥ ውስጥ አንድ አጭር መልእክት ላኩ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ በአሳሹ ውስጥ ያለው ጃቫስክሪፕት የሚረዳውን የዕቃ አጻጻፍ ለመልእክት መላኪያ መጠቀም። መልእክቱ አልሠራም። ከመለያ ስሞቹ አንዱ «ዱ» የሚል ሲሆን ይህ ቃል ለጃቫስክሪፕት የራሱ ትእዛዝ የተከለለ ነው። ሁለቱ ሰዎች የተከለሉትን ቃላት ዝርዝር ለተጠቃሚ ከማደል ይልቅ ሌላ ዘዴ መረጡ፤ እያንዳንዱ መለያ ስም በትእምርተ ጥቅስ ይታጠር አሉ። ዛሬ ጄሰን የሚጽፍ ሁሉ ጥቅሷን ረስቶ የሚቀጣው በዚያች «ዱ» ሰበብ ነው።

ክሮክፎርድ ጄሰንን ፈለሰፍኩ ብሎ አያውቅም፤ ድሮም የነበረ ነገር ነው፣ እኔ አገኘሁት ነው የሚለው። ለመጠቀሚያ ኮዱ ያወጣው ፈቃድ ግን በእርግጥ የራሱ ፈጠራ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ለበጎ እንጂ ለክፉ አይዋል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረበት። ቀልድ ነው ብለው ያለፉት ብዙ ናቸው፤ የሕግ ሰዎች ግን ቀልድ አያውቁም። ራሱ ሲያወራው፣ ይኸው ዓረፍተ ነገር ያለበትን ሌላ መሣሪያውን የሚጠቀሙ የአይቢኤም ጠበቆች ደንበኞቻችን ክፉ ላለማድረጋቸው ዋስ መሆን አንችልም ብለው ጻፉለት። እሱም ለአይቢኤም፣ ለደንበኞቹ፣ ለአጋሮቹና ለሎሌዎቹ መሣሪያውን ለክፋት እንዲጠቀሙበት ልዩ ፈቃድ ሰጠ። ይህ ተረት የሚመስል ነገር የፒኤችፒን ጓዳም ነክቷል። በፒኤችፒ ውስጥ የነበረው የጄሰን ኮድ ያንኑ አንቀጽ ይዞ ስለነበር እንደ ዴቢያን ያሉ የነጻ ሶፍትዌር ስርጭቶች ይህ ነጻ አይባልም ብለው አወጡት። ፒኤችፒ 7 በ2015 መጨረሻ ሲወጣ በያኩብ ዜሌንካ የተጻፈ አዲስ ኮድ ተተካ። አዲሱ ከአሮጌው ፈጣን ነው፤ ለክፋትም ይፈቀዳል።

ወደ ቀበቶው እንመለስ። ጄሰን ከፒኤችፒ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው በ2006 ኅዳር፣ በ5.2 ስሪት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የጄሰን ደንብ ጽሑፉ ዩኒኮድ ይሁን፣ ያለ ሌላ ማስታወቂያ ዩቲኤፍ-8 ነው ብሎ በግልጽ አስፍሯል። ስለዚህ «ቀበቶ»ን ባለችበት ማለፍ ያኔም ነውር አልነበረም። ሆኖም በጊዜው ብዙ ድረ ገጽ ገና በየራሱ የፊደል ሥርዓት ይጻፍ ነበር፤ የአስኪ ፊደል ብቻ በሁሉም በር ሳይፈተሽ ያልፋል። ፒኤችፒም የራሱ ችግር ነበረበት። ግሪንላንድ የተወለደው ራስሙስ ለርዶርፍ በ1995 ለሕዝብ የለቀቀው ቋንቋ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ባይት ነው። የ«ቀበቶ»ን ርዝመት ቢጠይቁት ዘጠኝ ይላል። ይህን ለማቃናት ስድስተኛ ስሪት ተጀምሮ ነበር፤ በ2010 ተትቶ ቀረ፣ ለዚህም ነው ከአምስት ቀጥሎ ሰባት የተቆጠረው። የማያውቀውን ፊደል ጭምብል አልብሶ መላክ ለእንዲህ ያለ ቋንቋ ብልህነት ነበር ማለት ይቻላል።

ጭምብሉን የሚያወልቅ ቁልፍ የመጣው ከአምስት ዓመት ግድም በኋላ፣ ማጂክ ኮትስ በተሰረዘበት በዚያው 5.4 ስሪት ነው። ስሙ ጄሰን አንኤስኬፕድ ዩኒኮድ ይባላል፤ ለጄሰን ኢንኮድ በሁለተኛ ቦታ ሲሰጡት ቀበቶው ቀበቶ እንደሆነ ይጻፋል። እስከ ዛሬ ግን ሳይጠይቁት አይሠራም። ባለሱቋ በደወሉበት ዕለት ማታ ጸሐፊው ቁልፉን ሲጨምር፣ ከዳታቤዙ የወጣውን ጽሑፍ በገዛ ዓይኑ ማንበብ ቻለ። በፕሮግራም ዓለም ይህ ትልቅ ምቾት ነው።

ምቾቱ እስከ ሐሙስ ቆየ። ሐሙስ ዕለት የዕቃ ዝርዝሩ ገጽ ባዶ ሆነ፤ ስሕተት የሚል ቃል እንኳ የለም፣ ነጭ ብቻ። ምክንያቱ የዕቃው መግለጫ ነበር። ጸሐፊው መግለጫ እንዳይረዝም በ100 ይቆረጥ ብሎ አዝዟል፤ ፒኤችፒ 100 የሚለው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። መሐል ክፍተት ባይኖር 33 ፊደል ሙሉ ይገባና ከ34ኛው ሲሶው ብቻ ይቀራል። የፊደል ሲሶ የትም አገር አይነበብም። ጄሰን ኢንኮድም እንዲህ ያለ ጉማጅ ሲያገኝ አንዱን ዕቃ ብቻ አይጥልም፤ ጠቅላላ ዝርዝሩን አልጠቀልልም ብሎ ሐሰት የሚል መልስ ይሰጣል፣ ሐሰት ደግሞ በገጽ ላይ ሲታተም ባዶ ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፍ እንግሊዛዊ በአንድ ባይት አንድ ፊደል ስለሚይዝ ይህን ጣጣ ዕድሜ ልኩን ላያየው ይችላል። መድኃኒቱ ኤምቢ ሰብስትሪንግ የሚባለው፣ በፊደል የሚቆርጠው መቀስ ነው። ሌላው ከ7.3 ስሪት ጀምሮ ያለው፣ ጄሰን ሲያኮርፍ ዝም ከማለት እንዲጮኽ የሚያደርገው ትእዛዝ ነው። ሁለቱም ነበሩ፤ ጸሐፊው ነው ያልጠራቸው።

ከሁሉ የከፋችው ግን የመጨረሻዋ ናት። ጄሰን ኢንኮድ ቁጥር የሚመስለውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ቁጥር የሚቀይር ኑሜሪክ ቼክ የሚባል ሌላ ቁልፍ አለው። ዋጋው በጽሑፍ መልክ እየመጣ አስቸግሮ ስለነበር ጸሐፊው ከቀበቶው ቁልፍ ጎን እሷንም ጣል አደረጋት። ዋጋው ተስተካከለ። የኢትዮጵያ ሞባይል ግን በዜሮ ይጀምራል፤ በቁጥር ዓለም ፊት ላይ ያለ ዜሮ ዋጋ የለውም። በመደመር ምልክትና በ251 የጻፈ ቢኖር ኖሮም ምልክቱ ይላጭ ነበር። የደንበኞቹ ስልክ ሁሉ ከዜሮው ተፋትቶ ዘጠኝ አኃዝ ሆኖ ተቀመጠ።

ጸሐፊው ይህን ያወቀው በሦስተኛው ሳምንት፣ አሮጌዎቹን መዝገቦች ሊያጸዳ ሲቀመጥ ነው። ባለሱቋ መፈለጊያው ላይ «ቀበቶ» ብለው ሲጽፉ የመጀመሪያው ቀን ቀበቶዎች አይመጡም ነበር፤ እነሱ ውስጥ ያለው ያው ዩ እና ቁጥሩ ነውና። ባክስላሹን በየቦታው የሚመልስ፣ ከዚያ የሚፈታ፣ ከዚያ ያለ ጭምብል መልሶ የሚጠቀልል ጥቂት መስመር ጻፈ። ሲጨርስ የስልኮቹን ዓምድ አየና ላብ አጠመቀው። በማግስቱ ገና በጠዋት ሱቃቸው ሄደ።

«እትዬ፣ ለደንበኞች መደወል አስቸግሮዎት ነበር?»

«ኧረ ምንም» አሉ፣ ከመደርደሪያው ሥር የታተመውን የትእዛዝ ወረቀት እያወጡ። በእያንዳንዱ ስልክ ፊት፣ ከላይ እስከ ታች፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ዜሮ ተጽፏል። «ዜሮዋን ማሽኑ ይረሳታል፤ እኔ እየጨመርኩ ነው የምደውለው።»