የጀበናዋ ጭራ

ኖር! በሉ አረፍ ይበሉ፣ አቦሉ ደርሷል። ጀበናዋ አፍ ላይ የተወተፈችውን ጭራ አዩዋት? እሷ ባትኖር አተላው ሁሉ ሲኒዎ ውስጥ ነበር። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ በጎርፍ መውረጃ ቱቦ አፍ ላይ ስለሚተከለው የብረት ፍርግርግ።

ይፋግን ያውቋታል። ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ሲሄዱ ተራራው በአንድ ወገን፣ የፎገራ ሜዳ በሌላው። ሐምሌ ላይ ከላይ የወረደ ጎርፍ በመንገዱ ሥር ሾልኮ ወደ ሜዳው፣ ከዚያም ወደ ጣና ያቀናል። በ19ኛው መቶ ዘመን ይፋግ ስመ ጥር የሲራራ ገበያ ሳለች እህሉ በስልቻ፣ ማሩ በቅል ነበር የሚመጣው። ገበያው ሲፈታ የሚቀረው ፋንድያ ነው፤ ጎርፍ ቢወስደውም ለማሳው ሲሳይ። ዛሬ የሚቀረው ፌስታልና ሃይላንድ ነው። (አንድ የውሃ ፋብሪካ ስሙን ለፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ አውርሶ አረፈው!) ፌስታሉን የፎገራ ላም ከሣር ጋር ከዋጠችው አይፈጭላትም፤ እየተጠቀለለ ይከማችና ሆዷ ሞልቶ ትራባለች።

ታዲያ ፍርግርግ ይተከል? ይተከል፣ ግን ቀስ ብለን። የሜዳው ሩዝ ደለሉን ይወደዋል፤ ወንፊቱ አፈሩን አሳልፎ ፌስታሉን ብቻ ማስቀረት አለበት። ብረቱም ቀጥ ብሎ አይቁም፣ ዘመም ይበል፤ ያኔ ውሃው ራሱ ቆሻሻውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከሥር ማለፊያ ያገኛል፣ በመንሽ ለማንሣትም ይመቻል።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። መንሹን ማን ይያዝ? ጥቂት ፌስታልና የበቆሎ አገዳ የተለጠፈበት ፍርግርግ ወንፊትነቱ ይቀርና ግድብ ይሆናል፤ ጎርፉም ቱቦውን ትቶ በሰው ደጅ ይገባል። በ1998 ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም በውሃ ሲዋጡ ላየ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። አሜሪካኖቹ ባልቲሞር ላይ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ወንዝ አፍ ላይ ቆሻሻ የሚያፍስ መዘውር አቁመዋል፤ እንደኛ የውሃ ወፍጮ ወንዙ ራሱ ያሽከረክረዋል፣ ትልልቅ ዓይኖችም ተክለውለታል። እሱም ቢሆን ሲሞላ የሚያራግፍለት ሰው ይፈልጋል።

አዋጁማ አለ። 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ የሳሳ ፌስታል በ1999 ተከለከለ፤ በ2017 ደግሞ ጠበቅ ያለ ሌላ አዋጅ ወጣ። ይህን ቡና ከገበያ ያመጣሁት በምን ይመስልዎታል? ተዉት፣ አይጠይቁኝ።

ቶናውን ልጣድ። ቆይ፣ መጀመሪያ ጭራዋን ልጠባት።