ሞተር በወረደበት ክረምት

በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖር አንድ ባለ ጭነት መኪና በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሥራ የሚቀዘቅዝበትን ወራት ጠብቆ ፥ የአይሱዙውን ሞተር በገዛ ግቢው በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ሊያድስ ቈረጠ። መኪናይቱ ከ600 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሔዳ ደክማ ነበር። ይልቁንም ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥታ ወደ ጣርማ በር ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ወደሚበልጠው ከፍታ ስትወጣ ፥ ሰማያዊ ጢስ እየተፋች በየመንገዱ ትቆም ጀመር። ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ለደኅና ሞተርም ይከብደዋል፤ ሰማያዊ ጢስ ግን ዘይቱ ራሱ እየነደደ መኾኑን ያመለክታል። የናፍጣ ሞተር የሚነሣው ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ በሚያግለው ሙቀት ነው፤ በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ፋሻ ካለቀ የተጨመቀው አየር ወደ ታች ይሾልካል ፥ ዘይቱም ወደ ላይ ይወጣል።

በቅኔ ቤት ግስ ይወርዳል፤ በዚያ ግቢ ደግሞ ሞተር ወረደ። አባትና የ17 ዓመት ልጁ ዕቃውን በናፍጣ እያጠቡ በሸራ ላይ በየተራው ደረደሩት። ዋናው ዘንግ በአዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ተፍቆ ሩብ ሚሊ ሜትር ቀጠነ ፥ ብሮንዚኑም በዚያው ልክ የወፈረ ተገዛ። ገንዘቡን የሰጠች የቤቲቱ እመቤት ናት ፥ ከዕቁብ ዕጣዋ።

ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቢዬላ የሚባለው ክንድ ከታች ክዳን አለው። ክንዱና ክዳኑ በአንድነት የተበሱ ስለ ኾኑ የአንዱ ክዳን ለሌላው አይኾንም ፤ ለዐይን ግን አራቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ አባት ሲፈታ በየክንዱና በየክዳኑ ላይ ምልክት መትቶ ነበር።

በፍልሰታ ጾም እኩሌታ ሞተሩ ተገጠመ። ዘንጉ በእጅ ሲዞር በአንድ ስፍራ ያዝ ያደርገው ነበር ፤ አባትም «አዲስ ብሮንዚን ነው ፥ ይለምዳል» ብሎ አለፈው። በሳምንቱ ወደ ደሴ ጭነት ሊያነሣ ቃል ሰጥቶ ነበርና ቸኵሏል። ሌሊት ግን ልጁን እንቅልፍ እንቢ አለው ፥ አባቱንም ቀሰቀሰ።

«አባባ ፥ ክዳኖቹን ሳጥብ የኹለተኛውና የሦስተኛው ተደባለቁብኝ። ምልክቱን ሳላይ ሰጠሁዎት።»

«ቀን ለምን አልተናገርህም?»

«ደስ ብሎዎት ስለ ነበር ፈራሁ።»

አባት ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ምልክቱን ሳያይ ያጠበቀ የራሱ እጅ ነውና ሊቈጣ አልቻለም፤ ይህን ቶሎ የሚያገኙት አባቶች ጥቂቶች ናቸው። ባትሪ አብርተው ሞተሩን በጎኑ አስተኙት ፥ የዘይቱን ገንዳ ፈቱ። ምልክቶቹ እንደ ተባለው ተለዋውጠው ተገኙ። ዘንጉ በእጅ እንጂ በእሳት አልዞረምና ፥ በአንዱ ብሮንዚን ላይ ከምታብረቀርቅ ነጥብ በቀር ጕዳት አልነበረም። ለዚያች ነጥብ ሲል አባት ሌላ ብሮንዚን እስኪመጣ ጠበቀ ፤ ጭነቱም ለሌላ ሰው ዐለፈ። ሚስቲቱ ስለ ዕቁቡ ገንዘብ አንድ ሰሞን አጕረመረመች ፥ አልተሳሳተችም።

ከጾሙ ፍቺ በኋላ ሞተሩ ተነሣ። ጥቂት ጢስ ተፋና ጠራ። አዲስ ፋሻ እስኪለምድ ከባድ ጭነት አይወድምና በግማሽ ጭነት ወደ ሸዋ ሮቢት ወርደው ተመለሱ። የጣርማ በር አቀበት ሲጀመር አባት መስኮቱን ከፈተና ፥ የሚሰማውን እንዲነግረው ልጁን ጠየቀው።